ለአዲስ ኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ መግዛት ያስፈልጋል? አማራጮቹን እናወዳድር

ኮምፒውተር በራሱ የሚገጣጥም ሰው ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ ካርድ ሲመርጥ ብዙ ያነባል፣ ብዙ ይጠይቃል። ድምፅ ላይ ሲደርስ ግን ግራ ይጋባል። አንዱ «ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ይበቃሃል» ይለዋል። ሌላው «ያለ ሳውንድ ካርድማ ምን ኮምፒውተር ነው?» ይለዋል። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የሚለያያቸው ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ሥራ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ድምፁ ከኮምፒውተሩ ይወጣል ወይስ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል? ፊልም፣ ሙዚቃና ጌም ከሆነ ይወጣል። መዝሙር፣ ፖድካስት፣ የዩቲዩብ ትረካ ወይም ክራር መቅዳት ከሆነ ይገባል። ለሚወጣ ድምፅ አብዛኞቻችሁ ምንም መግዛት አያስፈልጋችሁም። ለሚገባ ድምፅ ግን ማዘርቦርዱ አይበቃም። የሚያስፈልጋችሁ ዕቃም ኬዝ ውስጥ የሚሰካው ካርድ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው።

ይህን የምለው ካርዱን ንቄ አይደለም። ዘመኑ ስለተቀየረ ነው።

ድሮ ለምን ግዴታ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበረው ፒሲ «ቢፕ» ከማለት ያለፈ ድምፅ አልነበረውም። በ1987 የካናዳው አድሊብ፣ በ1989 ደግሞ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ያወጣው ሳውንድ ብላስተር ሲመጡ ነው ጌም ደህና ሙዚቃ ያገኘው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ፒሲ ሲገዛ ሳውንድ ካርድም አብሮ ይገዛ ነበር። ኢንቴል በ1997 ኤሲ97፣ በ2004 ደግሞ ኤችዲ ኦዲዮ የተባሉትን ስታንዳርዶች ሲያወጣ የድምፅ ቺፕ ማዘርቦርድ ላይ ተበይዶ መምጣት ተለመደ።

ጌመሮች ካርዱን ይወዱበት የነበረ ሌላም ምክንያት አለ። የድምፁን ስሌት ከፕሮሰሰሩ ላይ ያነሳ ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ ቪስታ ያንን መንገድ ዘጋው። ዛሬ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው፤ ለአሁኑ ፕሮሰሰር ደግሞ ከቁብ የሚቆጠር ሥራ አይደለም። «ሳውንድ ካርድ ጌም ያፈጥናል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ የሚነግራችሁ የዚያን ዘመን ወሬ ነው።

መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ፈትሹ

ማዘርቦርድ ስትገዙ ካርቶኑ ወይም ዝርዝሩ ላይ የድምፅ ቺፑ ስም ይጻፋል። አብዛኛውን ጊዜ የታይዋኑ ሪልቴክ ሥራ ነው። ርካሽ ቦርዶች ላይ ኤኤልሲ 897 ታገኛላችሁ። ውድ በሚባሉት ላይ ኤኤልሲ 1220 ወይም ኤኤልሲ 4080 ይመጣል። ሁለተኞቹ የተሻሉ ናቸው። ቢሆንም ለድምፅ ቺፕ ብላችሁ ብቻ ውድ ማዘርቦርድ አትግዙ። የዋጋውን ልዩነት ሄድፎን ላይ ብታውሉት ለውጡ ወዲያው ይሰማችኋል።

ማስታወቂያው ላይ «120 ዴሲቤል» የሚል ቁጥር ስታዩም አትደነቁ። ቁጥሩ ድምፁ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል፤ ያ ግን ቺፑ ለብቻው ያለው አቅም ነው። ቦርዱ ላይ ከተበየደ በኋላ በጀርባው ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ ከዚያ ያንሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሲዲ 16 ቢት የሚይዘው ወደ 96 ዴሲቤል ነው። ሲዲ ደግሞ ድምፁ ቆሻሻ ነው ተብሎ አያውቅም።

ኮምፒውተሩን ገጥማችሁ ስትጨርሱ እንዲህ ፈትኑት። የሪልቴክን ድራይቨር ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። ሄድፎኑን ከኬዙ ጀርባ፣ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ሰኩ። ምንም ሳታጫውቱ ድምፁን ከፍ አድርጉ። ማውሱን አንቀሳቅሱ። አንድ ከባድ ጌም ክፈቱና ድምፁን ከጌሙ ውስጥ አጥፉት። ዝም ካለ ጉዳዩ አለቀ። ለማዳመጥ የሚሆን ሳውንድ ካርድ አያስፈልጋችሁም፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ማውሱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወይም ግራፊክስ ካርዱ ሲጨነቅ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ከሰማችሁ ግን ኤሌክትሪካል ረብሻ እየገባ ነው። ያኔም ወደ ሱቅ አትሩጡ። ብዙ ሰው ሄድፎኑን የሚሰካው ከኬዙ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ቀዳዳ እስከ ማዘርቦርዱ ድረስ ቀጭን ሽቦ ይሄዳል። ሽቦው ብዙ ጊዜ መከለያ የለውም፣ የሚያልፈውም በግራፊክስ ካርዱ አጠገብ ነው። ረብሻውን የሚለቅመው እሱ ነው። ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ፊቱ ብቻ ከጮኸ ጥፋቱ የሽቦው ነው። ከጀርባ የሚመጣ ማራዘሚያ ኬብል ይፈታዋል። ይኸው ነው፣ በቃ።

የኤሌክትሪኩ ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አገር ቤት ብዙ ሰው «ሳውንድ ካርዱ ተበላሽቷል» የሚለው ችግር የቤቱ ኤሌክትሪክ ችግር ስለሆነ ነው።

በብዙ ቤቶቻችን ሦስተኛው ሽቦ፣ ማለትም ግራውንዱ፣ ጭራሽ አልተዘረጋም። ሶኬቱ ላይ ቦታው አለ፣ ከኋላው ግን ምንም የለም። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ረብሻን ወደ ግራውንድ የሚያወርዱ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት። መውረጃ ሲያጡ ኬዙ ላይ ትንሽ ቮልቴጅ ያጠራቅማሉ። ኬዙን ስትነኩ ነዘር የሚያደርጋችሁ ለዚህ ነው። ያው ቮልቴጅ በድምፅ ኬብሉ በኩል አልፎ ስፒከሩ ውስጥ «እምምም» ይላል። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ድምፁ ወፍራም ነው። ኬዙን ወይም ማይኩን በእጃችሁ ስትነኩ «እምምም»ው ከቀነሰ ወይም ከተቀየረ ምልክቱ ይኸው ነው።

ይህን የትኛውም ካርድ አያድነውም። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ግራውንድ አሠሩ። ለድምፁ ብቻ አይደለም፣ ለሕይወታችሁም ነው።

ግራውንድ ያለው ቤት ውስጥም ኮምፒውተሩና ስፒከሩ ከተለያየ ግድግዳ መብራት ሲወስዱ ተመሳሳይ ጩኸት ይፈጠራል። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ማዘርቦርዱና ስፒከሩ የኦፕቲካል ቀዳዳ ካላቸው ደግሞ እሱን ተጠቀሙ፤ የሚያልፈው ብርሃን ስለሆነ ረብሻ አብሮ አይሻገርም። መብራት ሲጠፋ በኢንቨርተር ወይም በዩፒኤስ የምትሠሩ ከሆነም ዕቃው ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚያወጣ መሆኑን እዩ። «ሞዲፋይድ» የተባለው ዓይነት ድምፅ ውስጥ ዝዝዝታ ይጨምራል። እሱ ላይ እያላችሁ ቀረጻ ባትጀምሩ ይሻላል።

ኬዝ ውስጥ የሚሰካው ካርድ

አሁን ወደ ዋናው ሳውንድ ካርድ እንምጣ። ገበያ ላይ ያሉት በአብዛኛው የሁለት ኩባንያዎች ናቸው። ክሪኤቲቭ ከርካሹ ኦዲጂ ኤፍኤክስ ጀምሮ በሳውንድ ብላስተር ዚ በኩል እስከ ኤኢ 5፣ ኤኢ 7 እና ኤኢ 9 ድረስ አለው። ኤሱስ ደግሞ ዞናር ኤስኢን የመሳሰሉ ካርዶች አሉት። ሁሉም ማዘርቦርዱ ላይ ትንሿ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ።

ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቦታ አይዙም። ኤኢ 5ን የመሳሰሉት ጉልበት ያለው የሄድፎን ማጉያ አላቸው። በአናሎግ ሽቦ የሚሠራ የ5.1 ስፒከር (አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ሳጥን) ላለው ሰው በቂ ቀዳዳ ይሰጣሉ። ሦስት ቀዳዳ ያለው ማዘርቦርድም የማይኩንና የላይን ኢኑን (የሌላ ዕቃ ድምፅ የሚገባበትን) ቀዳዳ ወደ መውጫ ቀይሮ 5.1 ማጫወት ይችላል። አንዳንድ አዳዲስ ቦርዶች ግን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። እንዲህ ዓይነት ቦርድ ገዝታችሁ ቤታችሁ የቆየ የ5.1 ስፒከር ካለ ካርዱ በእርግጥ ይጠቅማችኋል። እኔ ያለ ማመንታት ግዙት የምለው በዚህ አጋጣሚ ነው።

ከዚያ ውጭ ጣጣው ይበዛል። የዛሬ ግራፊክስ ካርድ ወፍራም ነው፤ የሦስት ቀዳዳ ቦታ የሚይዝ አለ። ማይክሮ ኤቲኤክስ የተባለው አነስ ያለ ማዘርቦርድ ከሆነ ለሳውንድ ካርዱ ቦታ ላይተርፍ ይችላል። ቢተርፍም ካርዱ የግራፊክስ ካርዱን ማራገቢያ ተጠግቶ አየር ይከለክለዋል። ከሱም በሚያንሰው ሚኒ አይቲኤክስ ላይማ ያለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ስለሆነ ነገሩ የማይታሰብ ነው። በዚያ ላይ ካርዱ የሚቀመጠው ልናመልጠው የፈለግነው ረብሻ ባለበት ኬዝ ውስጥ ነው። የድራይቨሩም ጉዳይ አለ። ኩባንያው ድራይቨር ማውጣት ሲያቆም ካርዱ ሳይበላሽ ዋጋ ያጣል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የእነዚህ ካርዶች ብዙ ገጽታዎች ላይሠሩላችሁ ይችላሉ። ነገ ላፕቶፕ ብትገዙም ነቅላችሁ አትወስዱትም።

በዩኤስቢ የሚሰካ፣ ለማዳመጥ

የማዘርቦርዱ ድምፅ ረብሻ ካለው፣ ወይም የፊቱ ቀዳዳ ከተሰበረ፣ የእኔ የመጀመሪያ ምክር ትንሽ የዩኤስቢ አዳፕተር ነው። አፕል ለስልኮቹ የሚሸጠው ከዩኤስቢ ሲ ወደ ሄድፎን የሚቀይር አዳፕተር በአሜሪካ 9 ዶላር ነው። ሽቦ ብቻ ይመስላል እንጂ ውስጡ የድምፅ ቺፕ አለው። በመሣሪያ ሲለካ ከእሱ ብዙ እጥፍ ውድ ከሆኑ ዕቃዎች እኩል ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል። ፒሲ ላይ ያለ ምንም ድራይቨር ይሠራል። በስልክ ሄድሴት ላይ ያለውን ማይክም ይቀበላል። አንድ ነገር ብቻ እወቁ። ለአውሮፓ ገበያ የሚሸጠው የድምፅ ጉልበቱ የአሜሪካውን ግማሽ ያህል ነው። ከውጭ ሰው ሲመጣ የምታስልኩ ከሆነ ከየት እንደሚገዛ ጠይቁ። በኪስ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ለመንገደኛም አይከብድም።

ከዚህ በላይ መውጣት የሚያስፈልገው ሄድፎኑ ብዙ ጉልበት የሚፈልግ ሲሆን ነው። ሄድፎን ላይ ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም የሚናገር «ኦም» የሚል ቁጥር አለ። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ 38 ኦም ነው፤ ከማንኛውም ነገር ጋር ይጮኻል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ በ250 ኦም ይመጣል። ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦም ነው። እነዚህ ደካማ ቀዳዳ ላይ ሲሰኩ ድምፃቸው ያንሳል። ለእነሱ ማጉያ ያለው የዩኤስቢ ዳክ፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ዕቃ፣ ያስፈልጋል። ፊዮ ኬ11፣ አይኤፍአይ ዜን ዳክ፣ ወይም ለጌም የሚያመቸው የክሪኤቲቭ ጂ6 ጥሩ ምርጫዎች ናቸው። የጆሮ ማዳመጫችሁ ተራ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። የ20 ዶላር ሄድፎን ላይ የ150 ዶላር ዳክ መሰካት ገንዘብ ማባከን ነው።

«384 ኪሎሄርዝ» እና መሰል፣ ድምፅ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ የሚናገሩ ቁጥሮችንም እለፏቸው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20 ኪሎሄርዝ ነው የሚሰማው። ይህን ለመሸፈን የሲዲው 44.1 ኪሎሄርዝ በቂ ነው። ቪዲዮ ደግሞ በ48 ይሠራል።

ቲቪ ወይም ስፒከር ያለው ሞኒተር በኤችዲኤምአይ የምታገናኙ ከሆነማ ድምፁ የሚወጣው ከግራፊክስ ካርዱ ነው። ሌላ ምንም አትግዙ።

ለመቅዳት፦ ኦዲዮ ኢንተርፌስ

መቅዳት የሚፈልግ ሰው እዚህ ክፍል ላይ ጊዜ ይስጥ። ማይክ የሚያወጣው ሲግናል በጣም ትንሽ ነው፣ ሚሊቮልት ቤት ነው። እሱን ሽሽታ ሳይጨምር የሚያጎላ ዕቃ ያስፈልጋል። የማዘርቦርዱ ሮዝ ቀዳዳ ለዚህ አልተሠራም። ኮንደንሰር የሚባለው፣ ጥቃቅን ድምፅ ሁሉ የሚይዘው ማይክ ደግሞ ፋንተም ፓወር የተባለውን 48 ቮልት ይፈልጋል። ሮዙ ቀዳዳ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ኤክስኤልአርን (ባለ ሦስት እግሩን የማይክ መሰኪያ) ወደ ትንሿ መሰኪያ የሚቀይር ኬብል ብትገዙም ኮንደንሰር ማይካችሁ ወይ አይሠራም፣ ወይ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል።

ኢንተርፌስ በዩኤስቢ ይሰካል፣ 48 ቮልቱን ይሰጣል፣ የማይክ ማጉያ አለው፣ ሄድፎንም ይሰካበታል። ለማዳመጥም ይሆናችኋል፤ ከገዛችሁት ሌላ ዳክ አያሻችሁም። ብዙዎቹ መብራት የሚወስዱት ከዩኤስቢው ስለሆነ ተጨማሪ ቻርጀር የላቸውም።

የትኛው? እዚህ ላይ የሚወስነው በአንዴ የምትሰኩት ማይክ ብዛት ነው። ትረካና ፖድካስት ለብቻው የሚሠራ ሰው ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ይበቃዋል። ቤሪንገር ዩኤምሲ 22ም ርካሽ መነሻ ነው። ሁለቱም ግን የማይክ ማጉያቸው አንድ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ለጊታር ወይም ለሙዚቃ ኪቦርድ እንጂ ለማይክ አይሆንም። ይህን ሳያስተውል የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ሁለት ቀዳዳ ያይና ሁለት ማይክ የሚሰካ ይመስለዋል። እንግዳ የምትጋብዙ ከሆነ፣ ወይም ክራሩን በአንድ ማይክ ድምፃችሁን በሌላ የምትቀዱ ከሆነ፣ ስካርሌት 2አይ2፣ ሞቱ ኤም2 ወይም ቤሪንገር ዩኤምሲ 202 ኤችዲ ግዙ። ከርካሾቹ እኔ የምመርጠው 202ን ነው። ዩኤምሲ 22 ኤስዮ የተባለው፣ ድምፅን ብዙ ሳያዘገይ የሚያሳልፍ የራሱ ድራይቨር ስለሌለው ለሁሉም ዕቃ በሚሆነው ኤስዮ ፎር ኦል ነው የሚሠራው። 202 ግን የራሱ አለው።

ኤስዮ ለምን ያስፈልጋል? መዘግየትን ለመቀነስ። ኮምፒውተሩ ድምፁን ቡፈር በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ እየሰበሰበ ነው የሚሠራው። በ48 ኪሎሄርዝ 128 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ያለው ቡፈር 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። 1024 ሲሆን ከ21 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ በዚያ ላይ የመግቢያውና የመውጫው ይደመራል። እየዘፈናችሁ የራሳችሁን ድምፅ ዘግይቶ ስትሰሙት ምቱ ይጠፋባችኋል። ኢንተርፌሶቹ ላይ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ቁልፍ አለ። እሱን ስትጫኑ ድምፃችሁ ኮምፒውተሩን ሳያዞር በቀጥታ ጆሯችሁ ይደርሳል። ትረካ ብቻ ለሚቀዳ ሰው መዘግየቱ ለውጥ የለውም።

በገና ለምትቀዱ አንድ ልዩ ምክር አለኝ። የበገና ውበቱ ነዝሩ ነው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ያ «ዝርርር» የዜማው አካል ነው። የስብሰባና የላይቭ ፕሮግራሞች ላይ ያለው የረብሻ ማጥፊያ ግን ይህን እንደ ቆሻሻ ሊቆጥረውና ሊበላው ይችላል። በዊንዶውስም፣ ኦቢኤስ በተባለው የቀረጻና የላይቭ ፕሮግራምም ያለውን ማጣሪያ ሁሉ አጥፉ። ክፍሉን ጸጥ አድርጋችሁ፣ ማይኩን አስጠግታችሁ፣ ሽሽታ ሳይጨምር በሚያጎላ ኢንተርፌስ ቅዱት።

ማይኩንም ከክፍላችሁ ጋር አዛምዱ። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ኮንደንሰር ማይክ ማሚቶውንም፣ የጎረቤቱን ጀነሬተርም፣ የውሻውንም ጩኸት ይዞላችሁ ይመጣል። እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ዳይናሚክ ማይክ በቅርብ ስትናገሩበት ይህን ይቀንሳል። ፋንተም ፓወርም አይፈልግም። ዝነኛው ኤስኤም7ቢ ግን 60 ዴሲቤል ያህል ማጉላት ይጠይቃል፤ ርካሽ ኢንተርፌስ እሱን ሲጎትት ሽሽታ ያወጣል። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሳምሰን ኪው2ዩን አስቡት። ዩኤስቢም ኤክስኤልአርም አለው። ዛሬ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ነገ ኢንተርፌስ ስትገዙ ማይኩ አብሯችሁ ይቀጥላል።

ሱቅ ውስጥ «ቪ8 ሳውንድ ካርድ ከነማይኩ» ተብሎ በካርቶን የሚሸጥም አለ። ቁልፉ ብዙ ነው፣ የጭብጨባና የሳቅ ድምፅ ያወጣል፣ ዋጋውም ይማርካል። በስልክ ላይቭ ለመግባትና ለመጫወት የተሠራ ነው። መዝሙር ወይም ትረካ ለመቅዳት ግን አትግዙት። በዚያው ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ያገለገለ ኢንተርፌስ ብትፈልጉ ይሻላችኋል።

ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩ። የሁሉንም ማዞሪያ እያዞራችሁ አዳምጡ፤ «ክርርር» የሚል ካለ ውስጡ አልቋል። ኮንደንሰር ማይክ ይዛችሁ ሂዱና 48 ቮልቱን አብሩ። የዩኤስቢ ቀዳዳውን ነቅነቅ አድርጉ፣ ቀድሞ የሚላላው እሱ ነው። ሞዴሉ ለዊንዶውስ 11 ድራይቨር እንዳለው አምራቹ ገጽ ላይ በስልካችሁ እዩ። ቤት ስትገቡ ከኬዙ ጀርባ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ዩኤስቢ ጋር በቀጥታ አገናኙት። ሃብ ላይ ወይም የፊት ቀዳዳ ላይ ከሰካችሁት ድምፁ መቆራረጥ ሊጀምር ይችላል።